የጉዞ ብርድ ልብስ ከአሮጌ ጅንስ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ቁም ሣጥኑ በአሮጌ ጅንስና ሸሚዝ ተሞልቷል። የባለቤቴ አለ፣ የልጆቼ አለ፣ ያጠራቸው የልጅ ልጆቼ ሱሪም አለ። ከዚህ ሁሉ አንድ ብርድ ልብስ ልሠራ ተነስቻለሁ። ለአልጋ አይደለም። መኪና ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሣር ላይ የሚዘረጋ፣ ሲመሽ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ነው።

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ወዲህ ረጅም መንገድ አያምረንም። ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባበት፣ ቢበዛ አንድ ሌሊት የምናድርበት ጉዞ ይበቃናል። የልጅ ልጆቻችን ከኋላ ይቀመጣሉ፣ እሱ ይነዳል፣ እኔ የስፌት ሣጥኔን እይዛለሁ። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ማሽን፣ ካውያና ሰፊ ጠረጴዛ የሚፈልገው ቤት ይሠራል። በእጅ የሚሰፋው አብሮን ይጓዛል።

ልኩ 120 በ150 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከወገባቸው በታች ይሸፍናቸዋል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ወንበር ሥር ይገባል። እያንዳንዱ ካሬ ተሰፍቶ ሲያልቅ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በወርዱ 12፣ በቁመቱ 15፣ በጠቅላላው 180 ካሬ ማለት ነው። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ስተውለት አቆራረጡ 12 በ12 ይሆናል። ብዙ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚተወው። ለአዲስ ጨርቅ ይበቃል። ያረጀ ጨርቅ ግን ከጠርዙ ክሩ ቶሎ ይመዘዛል። ትርፉ ከጠበበ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ስፌቱ ይለቃል። ጨርቅ ቆጥቤ ስፌት ከሚለቅብኝ፣ ትርፉን ሰፋ ባደርግ ይሻለኛል።

ማክሰኞ

መበታተንና መቁረጥ። ጅንስ ሁሉም ቦታው እኩል አያረጅም። የጉልበቱ ፊትና የመቀመጫው አካባቢ ይሳሳል። ከጉልበት በታች በኋላ በኩል ያለው ግን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው። የሸሚዝ ምርጡ ቦታ ጀርባው ነው፤ ሰፊ ነው፣ ስፌት አያቋርጠውም። እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየዋለሁ። ብርሃን በነጠብጣብ ካሾለከ ይወጣል። ካላሾለከ በሁለት እጄ ጠበቅ አድርጌ እስበዋለሁ። ድምፅ ካሰማ እሱም ይወጣል።

ሌላው የማልዘለው ነገር የድርና የማግ አቅጣጫ ነው። ጨርቅ በድሩ ቢሳብ ብዙ አይረዝምም። በማጉ ትንሽ ይለጠጣል። በሰያፍ ከተሳበ ግን በደንብ ይለጠጣል። ካሬው ዘንበል ብሎ ከተቆረጠ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ማሽን ሥር ሲገባ ይጣመማል። ስለዚህ የካርቶን ልኬን ከድሩ ጋር አስተካክዬ አስቀምጣለሁ። ዙሪያውን የማሰምረው በቀጭን የሳሙና ቁራጭ ነው። ሳሙና በጥቁር ሰማያዊ ጅንስ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ሲታጠብ ደግሞ ምንም አይተውም።

ቁልፎቹን ቆርጬ በክር ሰካኋቸው። ዚፖቹንም ፈታሁ። የጅንስ የኋላ ኪስ ያለበትን ቦታ ከነኪሱ ቆረጥኩት። ትንሹ የልጅ ልጄ ይህን ሲያይ ወዲያው ያዘው።

«አያቴ፣ ይሄ ኪስ የኔ ይሁን?»

«ምን ልታስገባበት?»

«ድንጋይ።»

ድንጋይ መሰብሰብ ይወዳል። ስለዚህ የኪሱ ካሬ ጥግ ላይ አይገባም። ጥግ ላይ ከሆነ ክብደቱ ብርድ ልብሱን እየጎተተ ከልጆቹ ጉልበት ያወርደዋል። ከዳሩ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ ቦታ ያዝኩለት።

ረቡዕ

ገበሩን አጠብኩ። ገበሩ ብቻ ነው አዲስ፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ለስላሳ ጥጥ። አሮጌዎቹ ልብሶች በዕድሜያቸው ሁሉ ስለታጠቡ የሚሰበሰቡትን ያህል ተሰብስበዋል። አዲስ ጥጥ ግን በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል። ሳይታጠብ ቢሰፋ ኋላ እሱ ብቻ ተሰብስቦ ከላይ ያለውን ያጨማድደዋል። ፀጉር ያለው ሞቃት ጨርቅ ላድርግለት ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ሣር ላይ ለሚዘረጋ ነገር አይሆንም። የደረቀ ሣርና እሾህ ይለቅማል፤ ማራገፉ ራሱ ሥራ ነው።

ጥቁር ሰማያዊዎቹን ጅንሶች በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸኋቸው። ቀለም የለቀቁት ተለይተው እንደገና ይታጠባሉ።

የልጅ ልጄ (ትልቋ) የምትወደውን ቲሸርት ይዛ መጣች። ጠቧታል፣ መጣል ግን አልፈለገችም። ቲሸርት እንደ ሸሚዝ የተሸመነ አይደለም። እንደ ሹራብ በቀለበት የተያያዘ ስለሆነ እንደ ጅንስ ካልቆመ አብሮት አይሰፋም። ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ አደረግኩለት። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ካውያውንም አልገፋም። አስቀምጬ፣ ተጭኜ፣ አንስቼ ወደሚቀጥለው ቦታ አሳልፋለሁ። ከተገፋ ቲሸርቱ ተለጥጦ እንደተጣመመ ይቀራል።

ዓርብ ማታ፣ የጉዞ ሣጥን ዝግጅት

ነገ እህቴ ጋ እንሄዳለን። ለመንገድ የመረጥኩት ሥራ አበባ ነው። ባለ ስድስት ጎን ትንንሽ ጨርቆች ይገጣጠማሉ፤ አንዱ መሀል፣ ስድስቱ ዙሪያውን። ይህ አሠራር በጣም የቆየ ነው። ወረቀት ተቆርጦ ጨርቁ በላዩ ይታጠፋል፣ በጊዜያዊ ስፌት ይያዛል፣ ከዚያ ጎን ከጎን እየተዘመዘመ ይያያዛል። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ይወጣል። የወረቀቴ አንድ ጎን 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰባቱ ሲገጠሙ አበባው ወደ 7.8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። 10 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ሲሰፋ ዙሪያው ትንሽ ክፍት ቦታ ይተርፈዋል። ካሬውን ጠርዝ እስከ ጠርዝ ቢሞላው አበባነቱ አይታይም ነበር።

ለጉዞ ይህን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። አንዱ ቁራጭ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። መሀል ላይ ቢቋረጥ ምንም አይበላሽም። መዳፍ ላይ ይይዛል። ጥልፍ ቢሆን ኖሮ ባለሁበት መስመር መቁጠር፣ ንድፍ ማየት ይኖርብኝ ነበር። ይሄ ምንም አያስቆጥርም፤ ከሰው ጋር እያወሩ ይሠራል።

ሣጥኑ የቆርቆሮ ነው። ውስጡ የተቆረጡ ወረቀቶች፣ ጨርቆች፣ ጫፉ ድፍን የሆነ ትንሽ መቀስ፣ የጥጥ ክርና የሰም ቁራጭ አለ። ክዳኑ ላይ ማግኔት ለጥፌበታለሁ። መርፌ ሁሉ እዚያ ላይ ይያዛል። ከመነሳታችን በፊት መርፌዎቹን እቆጥራለሁ። ልጆች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ መርፌ ሊወድቅ አይገባም።

ክሩን የምቆርጠው በክንድ ልክ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጌ ነው። ከዚያ ከረዘመ በየስፌቱ ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይሳሳል፣ ይቋጠራልም። ሰሙ ላይ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ክሩን ያለሰልሰዋል። ቀለም ቀለሙን ማታ ቤት ውስጥ በመርፌ ሰክቼ እጨርሳለሁ፤ የኔ ዓይን መንገድ ላይ ቀዳዳ ፍለጋ አይወድም።

ቅዳሜ፣ መንገድ

መኪና እየሄደ መርፌ አልይዝም። አንገት ደፍቶ መስፋት ያጥወለውላል። ዓይን እጅ ላይ ያለውን የቆመ ነገር ያያል፤ የውስጥ ጆሮ ግን እየተንቀሳቀስን መሆኑን ይናገራል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሆድ ይረበሻል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ድንገተኛ ፍሬን ነው። መርፌና መቀስ የት እንደሚገቡ አይታወቅም። ፊት ወንበር ላይ ኤርባግም አለ፤ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ነው የሚነፋው። ስለዚህ ስንሄድ ሣጥኑ ዝግ ነው።

የምሠራው ስንቆም ነው። የመንገድ ደህንነት ምክር በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ እረፉ ይላል። ባለቤቴ ይህን ነገር አጥብቆ ይይዛል። ስንቆም መጀመሪያ እግራችንን እናፍታታለን። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እኔም ዞር ዞር እላለሁ። ከዚያ ተቀምጬ ሁለት ሦስት ጎን እዘመዝማለሁ። በእረፍቱ ልክ የተቆረጠ ሥራ በመሆኑ ደስ ይላል። ተነሱ ስባል ግማሽ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም።

እየሄድን እጄ ባዶ ቢሆንም ዓይኔ ሥራ አያጣም። ቀለም እሰበስባለሁ። የታረሰ መሬት ቡናማ ከሩቅ ተራራ ሰማያዊ አጠገብ እንዴት እንደሚያምር አያለሁ። የደረቀ ሣር ቢጫ ከጥላው ግራጫ ጋር። ትልቋ በስልኳ ፎቶ ታነሳልኛለች። የመሀል አበቦቹን ቀለም የመረጥነው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ እህቴ ቤት

እህቴ ታላቄ ናት። ባለቤቷ ካረፈ ቆይቷል። የሥራዬን ወሬ በስልክ ሰምታ ኖሮ ሦስት ሸሚዞቹን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ጠበቀችኝ። መስመር ያላቸው፣ አንገትጌያቸው የሳሳ፣ ጀርባቸው ግን ደህና የሆነ ሸሚዞች።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ? መቀስ ካረፈበት በኋላ አይመለስም» አልኳት።

«ቁረጪው። ተሰቅሎ ለማን ነው? ልጆቹ ላይ ይሙቅ እንጂ።»

አንዱን ግን ትንሽ ያዝ አደረገችው። እሱን አልወሰድኩም። ከሁለቱ ጀርባና እጅጌ በቂ ካሬ ወጣ። የደረት ኪሱን ከነቁልፉ ፈትታ ለራሷ አስቀረች።

ማታ ሁለታችንም አበባ ስንዘመዝም አመሸን። የእሷ ስፌት ከኔ ይጠብቃል። እኔ በሴንቲ ሜትር ስድስት ሰባት ጊዜ ስወጋ እሷ ስምንት ትወጋለች። ልጅ ሆነን እሷ ናት መርፌ ያስያዘችኝ፣ አሁንም እጇን እያየሁ እማራለሁ። ክሯን ሳትጎትት ነው የምታጠብቀው። ትንሽ ትስበዋለች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠርዙን ታሻሸዋለች፣ ትቀጥላለች። እንዲህ ሲሆን ከላይ ክሩ አይታይም፣ ጠርዙም አይሰበሰብም። እሷ የሠራቻቸውን አበቦች ለይቼ ያዝኳቸው። ከባሏ ሸሚዝ ካሬዎች አጠገብ ይገባሉ።

ሰኞ ማታ

ካሬዎቹን ወለል ላይ ደረደርን። ይህ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፣ መውሰድም አለበት። ጥቁሮቹ አንድ ጎን ከተሰበሰቡ ብርድ ልብሱ ወደዚያ ያዘመመ ይመስላል። በስልክ ፎቶ አንስቶ ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ይረዳል። ሰማያዊና ቀይ ለዓይን በጣም ይለያያሉ፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን እኩል ጠቆር ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ፎቶው ላይ ሦስት አራት ጥቁር ካሬዎች ተጣብቀው አየን። በተናቸው።

ልጄ መጥታ አይታ «እማዬ፣ መስመሮቹ አይገጥሙም እኮ» አለችኝ። የሸሚዞቹን መስመር ማለቷ ነው፤ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም ሆኖ ነው የተቀመጠው። እኔ እንደዚያ ነው የምፈልገው። አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጂዝ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የዚያ መንደር ጥቁር አሜሪካዊ ሴቶች ለትውልዶች ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ሰፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቻቸውን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሳይቷል። ፎቶዎቹን ሳይ መስመሩ ይዘምማል፣ የጉልበቱ የደበዘዘ ቦታ ሳይደበቅ ይታያል፣ ኪስ የተነሳበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ልብሱ ማን ለብሶት ምን ሲሠራ እንደነበረ ይነበብበታል። ለልጄ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ እሷም ሁለት ካሬ አዟዙራ አስቀመጠች።

ረቡዕ፣ ማሽን

የማሽን መርፌ ለወጥኩ። ለተራ ጥጥ 80 ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት ነው፤ 80 ማለት 0.80 ሚሊ ሜትር ነው። ለጅንስ 100 ቁጥር ገባ። የእጅ መርፌ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፣ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ስትገዙ ልብ በሉ።

ትንሹ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «የማሽኑ መርፌ ቀዳዳው ለምን ጫፉ ላይ ሆነ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በማሽኑ ጎን ያለውን ጎማ በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩለት። መርፌው ክሩን ይዞ ይወርዳል። ሊወጣ ሲል ክሩ ከታች ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከሥር ያለው መንጠቆ ቀለበቱን ይዞ በቦቢኑ፣ የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ማጠንጠኛ፣ ዙሪያ ያዞረዋል። የላይኛውና የታችኛው ክር በዚያ ይቆላለፋሉ። ቀዳዳው እንደ እጅ መርፌ ላይኛው ጫፍ ላይ ቢሆን መርፌው ሙሉ በሙሉ ጨርቁን ማለፍ ነበረበት። ኤልያስ ሃው የሚባል አሜሪካዊ እንዲህ ባለ መርፌና በሁለት ክር የሚሠራ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ስሙን ሁላችንም የምናውቀው አይዛክ ሲንገር የራሱን ያስመዘገበው በ1851 ነው። ልጁ ጎማውን ራሱ ማዞር ፈለገ። ጣቱን ከመርፌው አርቄ አስዞርኩት።

ካሬዎቹን በመደዳ በመደዳ ሰፋሁ። አንድ መደዳ ሲያልቅ የስፌቱን ትርፍ ወደ ሁለት ጎን ከፍቼ እተኩሳለሁ። ወደ አንድ ጎን ቢተኛ፣ አራት የጅንስ ካሬ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ክምር ይሆናል፣ ማሽኑም አያልፈውም። ከፍቼም ቢሆን አንዳንዱ ቦታ ወፍራም ነው። የማሽኑ እግር፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ብረት፣ ወፍራሙ ላይ ሲወጣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይላልና ስፌት ይዘላል። ከእግሩ ሥር ከኋላ በኩል የታጠፈ የጅንስ ቁራጭ አስገባለሁ። እግሩ ደልዳላ ይሆናል፣ ጎማውን በእጅ እያዞርኩ አልፋለሁ።

ይህን ለጀማሪ ሁሉ እናገራለሁ። ከታች ክር ከተዘበራረቀ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። የላይኛው ክር ማጥበቂያው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። እግሩን አንስቶ እንደገና መስካት ነው። እግሩ ሲነሳ ማጥበቂያዎቹ ይከፈታሉ፣ ክሩ በትክክል ይገባል። ሰው ግን ሁልጊዜ ቦቢኑን ነው የሚወቅሰው።

ቅዳሜ

ዛሬ ጉዞ የለም፣ ዝናብ ነው። ፊቱንና ገበሩን ወለል ላይ ዘርግቼ በመርፌ ቁልፍ ያዝኳቸው። መሀል ጥጥ አላስገባሁም። ጅንስ ራሱ ከባድ ነው፤ ከተሞላ ደግሞ መሸከምም ማድረቅም ያስቸግራል።

ሁለቱን ያያያዝኩት በቋጠሮ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ መሀል ወፍራም የጥልፍ ክር ወደ ታች አውርጄ 3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብዬ አወጣለሁ። መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ አድርጌ እቋጥራለሁ። ሁለቱም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተቋጠረ ይንሸራተታል። አበባ ያለባቸው ካሬዎች አይቋጠሩም፤ ዙሪያቸው ያሉት ይይዟቸዋል። ትልቋ ቀኝና ግራውን እየቆጠረች ግማሹን ቋጠረችልኝ። እጇ ጠንካራ ነው።

እሑድ፣ ሐይቅ ዳር

ጠርዙን ትናንት ማታ በማሽን ከፊት በኩል ይዤዋለሁ። ከሸሚዞቹ የተረፈውን 7 ሴንቲ ሜትር ወርድ አድርጌ ቆርጬ፣ ለሁለት አጥፌ ሰፋሁት። ዙሪያው 540 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለማዕዘንና ለመቀጠያ 30 ጨመርኩ። ጥብጣቦቹን የቀጠልኳቸው በሰያፍ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይከመር። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ የሚያስፈልገው ለክብ ጠርዝ ነው። ለቀጥታ ጠርዝ በድሩ የተቆረጠ ይሻላል፤ አይለጠጥም።

የጀርባው በእጅ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ራሱ ዛሬ ጉዞ ወጣ። እኔ አንዱን ጠርዝ ስሰፋ ልጆቹ በሌላው ጫፍ እግራቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። ትንሹ ኪሱን በድንጋይ ሞላው። ቦታው በደንብ ተመርጧል፤ ብርድ ልብሱን አልጎተተውም። ባለቤቴ ከሸሚዙ የተቆረጠውን ካሬ ፈልጎ አገኘና «ይሄኛውን እኮ ገና እለብሰው ነበር» አለ። ክርኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበረው!

ሐሙስ

የመጀመሪያው እጥበት። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ደረቀ። ጅንስ እርጥብ ሲሆን በጣም ይከብዳል፤ ገመድ ላይ በአንድ ጫፍ ከተሰቀለ ክብደቱ ስፌቱን ይስበዋል። ገበሩ አልተሰበሰበም። የቀይ ሸሚዙ ቀለም አልወጣም። ሁለት ቋጠሮ ላላ ብሎ አገኘሁ፣ በአዲስ ክር ተተኩ።

የቀረው ማሰሪያው ነው። ለእሱ የጅንስ ወገብ አስቀምጫለሁ፤ ቁልፉም ቀዳዳውም ያለበት ስለሆነ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ይቆለፋል። ሁለት ዓይነት ርዝመት አለኝ። ቅዳሜ መኪናው ውስጥ ጠቅልለን ለክተን የሚበቃውን እንመርጣለን። እህቴ ደግሞ ለሷም አንድ ትንሽ፣ ለጉልበት የሚሆን እንድሠራላት ስልክ ደውላለች። ያንን ያዝ ያደረገችውን ሸሚዝ ልትሰጠኝ ነው፤ መቀሱን ግን ራሷ እንደምታሳርፍ ነግራኛለች።